መምህር ሸረፋ የራሱን ፎቶዎች ሲያርም

ሸረፋ ቡታጅራ ውስጥ ሂሳብ ማስተማር ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተማሪዎቹ በሁለት ነገር ያውቁታል፤ ግማሽ ነጥብ እንኳ ያለ ምክንያት ባለመስጠቱና ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከተማውን በመዞሩ። ካሜራውን የገዛው ከስድስት ዓመት በፊት፣ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ ባልደረባው ነው። ያኔ ልጆቹ ሳያድጉበት ላንሳቸው ብሎ ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ሥር ሰደደበት። ዘቢዳር ተራራ ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልቱ ሲያብለጨልጭ፣ ባጃጆቹ አቧራ ውስጥ ተሰልፈው ፀሐይ ከኋላቸው ስትጠልቅ፣ ሸረፋ እዚያ ነው። ማንም አላስተማረውም። ከኢንተርኔት እየፈለገ፣ እያበላሸ፣ እንደገና እየሞከረ ነው የለመደው።

ባለፈው ጥቅምት ወልቂጤ ያሉ ፎቶ ወዳዶች በቴሌግራም የከፈቱት ቡድን አባላቱን ይዞ ጉመር ውስጥ ወዳለችው ደጋማ ከተማ፣ አረቅጥ፣ ሊወጣ ተነሣ። አስተባባሪዋ እየሩስ የምትባል የወልቂጤ ልጅ ናት። መሄድ የሚፈልግ ሁሉ እንዲሞላው አጭር ቅጽ ላከች። ስም፣ ስልክ፣ የካሜራው ዓይነት። አራተኛው ጥያቄ ላይ ሸረፋ ቆመ። «የፎቶ ችሎታዎ፦ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ የላቀ። አንዱን ይምረጡ» ይላል።

ጣቱ መጀመሪያ የሄደው ወደ «ጀማሪ» ነው። ጨዋ ሰው የሚመርጠው እሱን ነው። ግን ውሸት መሰለው፤ ስድስት ዓመት ተለፍቶ ጀማሪ? «የላቀ» የሚለውን ሲያይ ደግሞ ማንም ሳያየው ፊቱ ጋለ። «መካከለኛ» የሚለው መልሱ የጠፋው ተማሪ በግምት የሚያከብበው ዓይነት ሆነበት። ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ።

በነጋታው መላ ዘየደ። ተማሪ በስሜት አይታረምም፤ በመልስ ቁልፍ ነው የሚታረመው። ደብተር አወጣና ሠንጠረዥ አሰመረ። ብርሃን ከሠላሳ፣ የምስሉ ጥራት ከሠላሳ፣ የነገሮቹ አቀማመጥ ከሃያ፣ ስሜት ከሃያ። ከስድስት ዓመቱ ክምችት አርባ ፎቶ መረጠ፣ ላፕቶፑን ከፈተ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ እርማት ጀመረ። ለራሱ አልራራም። አንድ የሚወደውን የሐይቅ ፎቶ አድማሱ ስለተንጋደደ ብቻ ስምንት ነጥብ ቀነሰበት። ሲጨርስ አማካዩ ሰባ ስምንት መጣ። ሁለት ጊዜ ደመረው። ሰባ ስምንት እሱ ክፍል ውስጥ ጥሩ የሚባል ውጤት ነው።

ግን ተፈታኙም አራሚውም አንድ ሰው የሆነበትን ፈተና እሱ ራሱ ከማንም አይቀበልም። ሁለተኛ አራሚ አስፈለገው። አርባውን ፎቶ ፍላሽ ላይ ገልብጦ እትዬ አዛለች ዘንድ ሄደ። የአማርኛ መምህርት ናቸው፤ ከጎንደር መጥተው ቡታጅራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ።

«እኔ ፎቶ አላውቅም እኮ» አሉት።

«ቁልፉ አለ እትዬ። እንደ ድርሰት አድርገው ያርሙልኝ።»

ከሦስት ቀን በኋላ ደብተሩን መምህራን ክፍል ውስጥ መለሱለት። በብርሃንና በጥራት የሰጡት ነጥብ ከእሱ ብዙም አይርቅም። የስሜት ዓምድ ላይ ግን ሁለት፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብለዋል።

«እትዬ፣ ይህን ያህል?»

«ድርሰት ቢሆን ከዚህም እቀንስልህ ነበር። እነዚህን ሰዎች ታውቃቸዋለህ?»

«የትኞቹን?»

«ማናቸውንም።»

ሸረፋ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበ።

«ከአርባው ፎቶ ሰው ያለበት ሃያ ስድስቱ ነው» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ፊቱ የሚታይ አንድም የለም። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውሃል ሸረፋ። ሆን ብለህ ነው?»

«ስልቴ ነው» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ስልት እንዳልሆነ ያውቃል። ካሜራውን በገዛ ሰሞን በርበሬ ተራ አንዲት ሴት ላይ ሲያነጣጥር፣ «ማን ፈቅዶልህ ነው የምታነሣኝ?» ብላ ጮኸችበት። ገበያው ዞሮ አየው። ከሚያዩት መሐል የተማሪዎቹ ወላጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች እስኪያልፉት ይጠብቃል። ሲያልፉ ጃንጥላቸው፣ የተሸከሙት ጆንያ፣ መሬት ላይ የተጋደመው ጥላቸው ያምራል። ፌስቡክ ላይ ያዩለት ሰዎች አደነቁ። እሱም ቀስ በቀስ ፍርሃቱን ረስቶ ነገሩን ምርጫዬ ነው ማለት ለመደ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከሩቅ የሚያነሣበትን ረጅሙን ሌንስ ቤት ትቶ ወጣ። በርበሬ ተራ ደረሰ። ሁለት ሰዎችን ሊጠይቅ ቀርቦ አለፋቸው። ሦስተኛዋ፣ ከበርበሬ ክምር ኋላ የተቀመጠች ወጣት፣ ቀድማ አየችው።

«ቲቸር ሸረፋ! አሰላሙ ዓለይኩም! ናጃህ ነኝ፤ አላወቁኝም አይደል? አርባ ዘጠኝ የሰጡኝ። አንድ ነጥብ ብለምንዎት እንቢ ብለው።»

«ወዓለይኩም ሰላም» አለ ሸረፋ አፍሮ። ከስምንት ዓመት በፊት ነው ያስተማራት። «ናጃህ፣ ፎቶ ላንሳሽ?»

«ለምን?»

 «ፊት ማንሳት አልችልበትም። ልለማመድ ብዬ ነው።»

ጎረቤቶቿ ሳቁ። ናጃህ ሻሿን አስተካከለች። አነሣት። «ያሳዩኝ» አለች። ካሜራውን አዙሮ አሳያት።

«ዓይኔ ተጨፍኗል። እንደገና!» ደገመ። «ይሄ ደግሞ አገጬን ቆርጦታል። ይጠጉ እንጂ ቲቸር፣ አልበላዎትም!»

ተጠጋ። የበርበሬው ሽታ አስነጠሰው። ዙሪያው ሰው ተሰበሰበ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያገኛቸው የካሜራው ቁልፎች ጠፉበት። ሰማዩ ነጣ፣ ፊቷ ጠቆረ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ወረደ።

«ሰሌዳ ላይ ሲያወጡን እንዲህ ነበርን» አለችው ናጃህ፣ አሁን ሳትስቅ።

አሥራ አንድ ፎቶ አነሣ። ቤት ገብቶ በዚያው ቁልፍ ሲያርማቸው አማካዩ አርባ ሦስት መጣ፤ ናጃህ ካገኘችው ያነሰ። አሥሩ ለምንም አይሆኑም። አንዱ ላይ ግን ናጃህ ወደ ጎረቤቷ የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታለች። ፎቶው ወደ ግራ አዝምሟል፤ የጠራውም ጆሮዋ እንጂ ዓይኗ አይደለም። በቁልፉ መሠረት መጥፎ ፎቶ ነው። ሸረፋ ግን ቁጥሩን ከጻፈበት በኋላም ወደሚቀጥለው ማለፍ አቃተው።

በዚያ ሳምንት እየሩስ ደወለች። «መምህር፣ ቅጹን ግማሽ ሞልተው ተዉት እኮ። ደረጃዎን አልነገሩንም።»

«ሌሎቹ ምን ብለው ሞሉ?»

«ተዉት አይጠይቁኝ! ከሠላሳ ሰው ሃያ ስምንቱ ጀማሪ ነኝ ብሏል። ከነሱ አንዱ የራሱ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ነው። የላቀ ነኝ ካሉት ሁለቱ ደግሞ አንደኛው ካሜራ የገዛው ዘንድሮ ነው። እንዲህ ሆኖ እንዴት በቡድን ልመድብ?»

ሸረፋ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ እንዲህ አላት፤ «ብርሃን እችላለሁ፤ ይሄን ሳላፍር ነው የምነግርሽ። ሰው ማንሳት ግን አልችልም። የቱ ሳጥን ውስጥ ልግባ?»

«ሳጥኑን ይተዉት» አለች። «ጠዋት ብርሃን ያስተምሩልኛል። ከሰዓት ከጀማሪዎቹ ጋር ወርደው ሰው ያነሣሉ።»

አረቅጥ በጭጋግ ተቀበላቸው። ሸረፋ ጠዋቱን ሙሉ ጭጋግ ውስጥ ያለ ብርሃን እንዴት እንደሚለካ አስረዳ። ማስረዳቱ አልከበደውም። የሚያውቀውን አውቃለሁ ብሎ መናገር ጉራ እንዳልሆነም ያኔ ገባው።

ከሰዓት በኋላ አጥር ሥር ተቀምጠው የቀርከሃ ቅርጫት የሚሠሩ ሽማግሌ አገኘ። በቡታጅራው ጉራግኛ፣ በመስቃንኛ፣ ሰላም አላቸው። እሳቸው በአካባቢያቸው ጉመርኛ መለሱለት። የአንዱ ለሌላው በደንብ ስላልገባ ሁለቱም ሳቁና በአማርኛ ቀጠሉ።

«ከየት ነህ?»

«ከቡታጅራ። ፎቶ ላነሣዎት ፈልጌ ነበር።»

«እዚያ ሰው የለም?»

«አለ አባባ። እየፈራኋቸው ነው እንጂ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩትና የተቀመጡበት ግንድ ላይ ቦታ ለቀቁለት። «ተቀመጥ። ቆመህ ስታየኝ እኔም እፈራለሁ።»

ተቀመጠ። ስለ ቀርከሃው፣ ወልቂጤ ስላለች ልጃቸው፣ ዘንድሮ ስለዘገየችው ፀሐይ አወሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ካሜራውን አልነካውም። ከዚያ ሦስት ፎቶ አነሣ። ሦስተኛው ላይ ሽማግሌው አንድ ነገር ጠይቀው መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያዩታል።

ሰኞ ዕለት ያንን ፎቶ እትዬ አዛለች ፊት አስቀመጠው። በስሜት አሥራ አንድ ሰጡት። ሸረፋ አሥራ አራት ይገባዋል አለ። እጃቸውን ይዩ፣ ዓይናቸውን ይዩ እያለ ተከራከረ። ደወሉ እስኪደወል ተከራከሩ። እትዬ አዛለች አንዲት ነጥብ ጨመሩለትና፣ «ጡረታ ልወጣ ስል እንዲህ ያለ ጨቅጫቃ ተማሪ ይምጣብኝ?» ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

አሁን በየገበያው ቀን ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰዎች አይሆንም አሉት። አራተኛው ልብሴን ቀይሬ ልምጣ ብሎት ሄደ። ሸረፋ እስከ አሥር ሰዓት ቆሞ ጠበቀው፤ ሰውየው አልመጣም። ሸረፋ በሚመጣው የገበያ ቀንም እዚያው ይቆማል።