«ሲወለድ ማን አየ?»

ሰኞ ያረፉት ወንድም ጋሼ ያልተጣራ ነገር አይወዱም ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከምንኖርበት ሰፈር ከቶርንክሊፍ ፓርክ በባስ ላይብረሪ እየሄዱ፣ አሜሪካ ገና በእንግሊዝ ስትገዛ እንደ እሳቸው መዳብ ላይ ሥዕልና ጽሑፍ ይቀርጽ የነበረ የአንድ ሰው ታሪክ ያጣሩ ነበር። የተወለደበትን ዓመት አንዱ መጽሐፍ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ።

«ሰውየው ምንዎ ነው?» እላቸዋለሁ።

«ዝም በል አንተ ደንቆሮ! ሲወለድ ማን አየ? ያየ ሰው የጻፈውን ነው የምፈልገው።»

ትናንት ልጃቸው ለቀብሩ ወረቀት የልደታቸውን ቀን ጠየቀችኝ። የስደተኛ ወረቀታቸው ጃንዋሪ አንድ ይላል፤ ቀናችንን የማናውቅ ሁሉ እንዲያ ነው ያስጻፍነው። ልጠይቃቸው ወደ ወንበራቸው ዞርኩ፤ ባዶ ነው።

«ልደታቸውን ተዪው፤ እኔ ታናሽ ነኝ፣ አላየሁም» አልኳት። «የሞቱበትን ጻፊ። ያንን አይቻለሁ፤ እጃቸውን ይዤ ነበር።»