የሚደፋው ወተት ምስክር

ሰፈሩ ሁሉ ጥሩምባ ይለዋል። በወተት መኪናው ኮረብታውን እየዞረ፣ በየገበሬው ደጅ ጥሩምባውን እያንባረቀ፣ ወተት ሰብስቦ ከተማ ላለው ፋብሪካ ሲያስረክብ ነው ዕድሜውን የፈጀው። ራሱ አንዲት ጊደር እንኳ ኖሮት አያውቅም። «የኔን ላሞች ሌሎች ያልቡልኛል» እያለ ይቀልድ ነበር።

የመንገዱ መጨረሻ ላይ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እትዬ ይላቸዋል። ላሞቻቸው ጥቂት ናቸው። የጋኑን ወተት ከማስረከባቸው በፊት በመኪናው መስኮት በኩል አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ያቀብሉትና «አንተ ለፍላፊ፣ መጀመሪያ ጉሮሮህን አርጥብ» ይሉታል።

ወረርሽኙ ሲገባ ትምህርት ቤቱም ሆቴሉም ተዘጋ፤ ፋብሪካውም ወተት አልቀበልም አለ። ወደ ከተማ የሚያስገባው መንገድ ታጠረ፤ ለጎረቤት እንዳይሰጡት ጎረቤቱም የራሱ ወተት ተርፎታል። ላም ደግሞ ፋብሪካ ተዘጋ ብላ ወተቷን አትይዝም። መንግሥት ለገበሬው የድጋፍ ገንዘብ እንደሚሰጥ ተነገረ። የሚከፈለው ግን ለተደፋ ወተት ነው፤ ሲደፋም ለክቶ የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል። የግብርና ቢሮው ይህን ሥራ ለጥሩምባ ሰጠው። የነዳጅ ወጪውን ይሸፍኑለታል፣ ሌላ ነገር የለም።

እትዬ ደጅ ሲደርስ አሮጊቷ ጋኑን ታቅፈው ቆመው አገኛቸው።

«ይድፉት በቃ፣ እትዬ።»

«እጄ እምቢ አለኝ ልጄ። አንተው ድፋልኝ።»

ደፋላቸው። ነጩ ወተት በቦዩ ቁልቁል ሲወርድ ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የሚደፋው እሱ ሆነ። እሳቸውም ያቺን ብርጭቆ ማቀበል ተዉ፤ እሱም አልጠየቀም።

ገንዘቡ ውሎ አድሮ መጣ። የላሞች መኖ ግን እሳት ሆኖ ነበርና አብዛኛው ከገበሬው እጅ ወደ መኖ ነጋዴው ኪስ ገባ። እትዬ ከደረሳቸው ላይ ከፍለው በመሀረብ ቋጥረው ሰጡት።

«የደፋኸው አንተ ነህ፤ ድርሻህ ነው።»

«እሱንማ በገንዘብ አልቀበልም፣ እትዬ» ብሎ መለሰላቸው።

ማታ ሚስቱ ይህን ስትሰማ ተንጨረጨረች። «ላም ያለው ተከፈለው። አንተ ደመወዝህ ቀርቶ፣ የሰጡህንም መለስክ? ልጆችህ ያንተን ኩራት ይልበሱት?» አለችው። እውነቷን ነበር።

ፋብሪካው ሲከፈት ከትልልቅ እርባታዎች ብቻ እቀበላለሁ አለ። የኮረብታው መስመር ተሰረዘ፣ መኪናውም ተሸጠ። እትዬም ላሞቻቸውን ለሥጋ ነጋዴ ሸጡ። የጭነት መኪናው መጥቶ ላሞቹ መወጣጫውን አንረግጥም ሲሉ ሰዎቹ ዱላ አነሱ።

«አትምቷቸው!» ብለው ጮኹ እትዬ። «የሚያውቁትን ሰው ጥሩልኝ።»

ጥሩምባ መጣ። የላሞቹን አንገት እያሻሸ፣ እንደ ልማዱ እየለፈለፈ ፊት ፊት ወጣ፤ ተከተሉት። አንዷ የእጅጌውን ጫፍ እየላሰች ነበር የገባችው። ሲወርድ እትዬ ደጅ ላይ የሉም። ቤት ገብቶ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ሄዱ?»

«ሄዱ።»

«ተንገራገሩ?»

«ኧረ፣ ዝም ብለው ተከተሉኝ።»

«እሱ ነው የባሰብኝ» አሉ።

ልጃቸው ከተማ ወሰደቻቸው። ጥሩምባም የሲሚንቶ መጋዘን ዘበኛ ሆነና እየሄደ ይጠይቃቸው ጀመር። ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ያገኛቸዋል። የሰፈሩን ወሬ አንድ በአንድ ያወራሉ፤ ላሞቹን ግን አንዳቸውም አያነሱም። አንድ ቀን ሲሰናበታቸው «መቼ ትመጣለህ?» አሉት።

«ፈረቃዬ ሲፈቅድልኝ።»

ፈረቃው ሳይፈቅድለት እሳቸው አረፉ። ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከግንቡ ተጠግቶ ቆመ። ልጃቸው አየችው። ሰዉን አልፋ መጣችና እጁን ይዛ «ወንድምዬ፣ ቦታህ እዚህ አይደለም፤ ከኛ ጋር ቁም» አለችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።