የኖርማን ቦይ

ኖርማን ስኬልተን የመንደራችን የኳስ ሜዳ ጠባቂ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ደሞዝ ሣሩን አጭዷል፣ መስመሩን በኖራ አስምሯል፣ መረቡን ጠግኗል። ስለ እሱ ሳወራ ኀፍረት ይይዘኛል፤ ምክንያቱን ልናገር።

ሜዳችን ተዳፋት ነው። ዕጣ የደረሰው እንግዳ ቡድን ሁሉ ይጓጓና ቁልቁለቱን ለመጀመሪያው አጋማሽ ይመርጣል፤ ከዕረፍት በኋላ ዳገቱን እየደከመው ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ ሁላችንም ለዕረፍት ሻይ ልንጠጣ ስንገባ ነው የሚመጣው፤ ኖርማን ሹልክ ብሎ ከላይኛው ግብ ጀርባ ያለውን የምንጭ ቦይ ወደ ሜዳው ይከፍተዋል። ስንመለስ የላይኛው ግብ ፊት ጭቃ ሆኖ ይጠብቀናል። ዝናብ በማይጠፋበት ዮርክሻየር ውስጥ ጭቃ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘጠኝ ዓመት በሜዳችን አልተሸነፍንም። አምበሉ እኔ ነበርኩ፤ አውቅ ነበር።

የማዕድን ሠራተኞቹ ቡድን አምበል ሬግ ታተርሶል በየዓመቱ «እዚህ ሜዳ ላይ አንዴ ሳላሸንፍ ጫማዬን አልሰቅልም» ይል ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ጉልበቱ አልቆ፣ ሐኪሙም በቃህ ብሎት፣ የመጨረሻ ጨዋታውን ሊጫወት መጣ። ለዕረፍት ስንወጣ አንድ ለባዶ ይመሩን ነበር።

ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ኖርማን ቆሞ አየኝ። «ዛሬስ ብተወው?» አለኝ በሹክሹክታ።

እንዳልሰማ ሆኜ ለሻዬ ወተት እንዲያቀብሉኝ ጮህኩ። መልሴ ያ ነበር።

ሁለት ለአንድ አሸነፍን። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሬግ ባዶ ግብ ፊት ደርሶ ነበር፤ እግሩ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

ማታ መጠጥ ቤት ሬግ ኖርማንን አቀፈው። «ሜዳህ ጨረሰኝ እኮ፣ ሽማግሌው! ምን ላድርግ፣ ዳገቱን የሠራው እግዜር ነው።»

«ጭቃውን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ» አለ ኖርማን። «ውሃ እለቅበታለሁ። ዛሬም ለቅቄበታለሁ።»

ሬግ ወደ እኔ ዞረ፤ «የምሩን ነው እንዴ?»

በሳቅ ፈነዳሁ። «ኧረ ተወው! ሁለተኛ ብርጭቆው ላይ ሁሌም እንዲህ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ሬግም ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ኖርማን ኮፍያውን አንስቶ ወጣ፤ ሜዳው ላይ ዳግመኛ አልታየም።

ሬግ አሁንም ገበያ ሲያገኘኝ «ያ ቀልደኛ ሰውዬ እንዴት ነው?» ይለኛል። ደህና ነው እለዋለሁ።