የካሲልዳ ኤሊ እና የአከራይዋ ቀይ ሸሚዝ

ካሲልዳ አሬዮላን ቀርቦ ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ትዕግሥት ይሰንቅ። እኔ ኒካኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። በጓዳላሃራ ከተማ ለሙሽራም ለሬሳም ሰፍቻለሁ፤ ካሲልዳ እንደምታመጣልኝ ደንበኞች የሚያስቸግር ግን አላጋጠመኝም። ቁመታቸው ከስንዝር አያልፍም፤ አሻንጉሊቶች ናቸው። ለኤሊዋ ካፖርት ስሰፋ መርፌው ከእጅጌው ይረዝም ነበር። ክፍያው ደግሞ ከሁለቱም ያጥር ነበር።

ሥራዋ አኒሜሽን ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሳለው ዓይነት ግን አይደለም። ከካልሲ፣ ከአሮጌ ብርድ ልብስና ከሽቦ የተሠራ አሻንጉሊት ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ካሲልዳ እግሩን የፀጉር ያህል ታንቀሳቅስና ፎቶ ታነሣለች፤ ደግሞ ታንቀሳቅሳለች፣ ደግሞ ታነሣለች። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲታዩ አሻንጉሊቱ ነፍስ ይዘራል። ቀኑን ሙሉ ተለፍቶ የሚገኘው ፊልም ሰው አስነጥሶ እስኪጨርስ እንኳ አይቆይም።

አመሉ የጀመራት በልጅነቷ ነው። አባቷ ለገና ሰብአ ሰገልንና ግመሎቻቸውን ከሸክላ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሌላው ሰው ሰብአ ሰገልን ገዝቶ ግርግሙ አጠገብ ያቆማቸዋል። ካሲልዳ ግን የሳሎኑ በር ጋ ታቆማቸውና በየማለዳው አንድ ጣት ወደፊት ትገፋቸው ነበር። አንድ ዓመት ታናሹን ንጉሥ ስጦታውን ረስቶ ከመንገድ እንዲመለስ አደረገችው። አባቷ «ይቺ ልጅ ለይቶላታል» አለ። እናቷ ግን በዚያ ሰሞን «ሰውዬው የት ደረሰ?» እያለች ከማንም ቀድማ ከአልጋዋ ትነሣ ነበር።

እንዲህ ላለ ሰው ገንዘብ አይበረክትለትም። አንድ ጊዜ አንድ የቋሊማ ፋብሪካ የሚጨፍሩ ቋሊማዎች ያሉበት ማስታወቂያ አዘዛት። እሷ ምን ሠራች? መጥበሻውን ሲያይ በመስኮት ዘሎ የሚያመልጥ ቋሊማ! የፋብሪካው ሰዎች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ውሉን ቀደዱት። የሰፈሩ ዕቁብ ሲደርሳት ደግሞ የፊልም መብራት ትገዛለች።

«አንቺ ሴት፣ መጀመሪያ ኪራዩን ክፈዪ እንጂ!» ስላት፣

«ኪራይ እንደሆነ በየወሩ ይመጣል ኒካኖር፤ እንዲህ ያለ መብራት ግን ሁሌ አይገኝም» ትለኛለች።

ምን ይባላል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔም ትቻት አልሄድኩም፤ እንግዲህ ሞኙ ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ኤሊዋን የጀመረችው ከዓመታት በፊት ነው። ባሕር ለማየት ከተራራ ላይ ተነሥታ በእግሯ ስለምትጓዝ አሮጊት ኤሊ የሚተርክ ፊልም ነው። አንድ የውጭ አገር ቴሌቪዥን ጣቢያ ሊገዛው ተስማምቶ ነበር፤ ገንዘቡ ግን የሚከፈለው ፊልሙ አልቆ ሲደርሰው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የቀረው የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነበር። ኤሊዋ ከአሸዋው ላይ ቀና ብላ ባሕሩን የምታይበት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም «ዶኛ» ማለትም እመቤት የምንላቸው ሄርሜሊንዳ፣ ደረጃውን ወጥተው ሳያንኳኩ ገቡ። ልደታቸው ስለነበር ዓይን የሚወጋ ቀይ ሸሚዝ ለብሰዋል። እኛ የምንሠራበት ፎቁ ላይ ነው፤ ወለሉ እንጨት ነው። አንድ ሰው ሲራመድ ካሜራው ይነቃነቃል።

«እንዳይንቀሳቀሱ ዶኛ!» አለች ካሲልዳ ዓይኗን ከኤሊዋ ሳታነሣ።

«በገዛ ቤቴ?»

«በእግዚአብሔር! ቀና ማለት ጀምራለች።»

ዶኛ መስኮቱ አጠገብ እንደቆሙ የሆዳቸውን ተናገሩ። ኪራይ ሳይከፈል ስንት ወር እንዳለፈ፣ ልጃቸው እንዴት እንደሚጨቀጭቃቸው፣ ቤቱን ለግብዣ አዳራሽ የሚፈልግ ሰው እንደተገኘ ነገሩን። «እሑድ ቁልፉን አስረክበዋለሁ። ጨርቃ ጨርቃችሁን ሰብስቡ!» ካሲልዳ «እሺ ዶኛ፣ እሺ» እያለች ፎቶዋን ታነሣለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሄዱ።

ያን ጊዜ የጠዋቱን ሥራ አየነው። የኤሊዋ ፊት መጀመሪያ ግራጫ ነው፤ ከዚያ ፍም የመሰለ ብርሃን ቀስ እያለ ጉንጯ ላይ ይወጣል። ካሲልዳ ጮኸች።

ይህ በእኛ ሙያ ነውር የሆነ ስሕተት ነው። ደማቅ ልብስ ብርሃኑን ወደ አሻንጉሊቱ ይመልሳል፤ ስለዚህ እዚያ ክፍል የሚገባ ሁሉ ጥቁር ይለብሳል። ጥቁሩን ጋዋን የሰፋሁት ራሴ ነኝ፤ ማንጠልጠያው በሩ ላይ ነው። ለዶኛ ማልበሱን ከፍርሃት የተነሣ ሁለታችንም ረሳነው።

«ጣይውና እንደገና ጀምሪ» አልኳት።

«እስቲ እያት ኒካኖር! ፀሐይ ስትጠልቅ እኮ ነው የምታየው። ይሄን ብርሃን በሕልሜም አላገኘሁት።»

ጉድ ፈላ! ያን ብርሃን ለመድገም ቤቴ ያለውን ቀይ ጨርቅ ሁሉ አምጥቼ ሰቀልኩ። ሁሉም የሥጋ ቤት ቀይ ሆነ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ወደ ዶኛ ማድ ቤት ወረድኩ።

«ቀን ጨምሩልን ልትለኝ ከሆነ አፍህን አታድክም» አሉኝ ማሰሮውን እያማሰሉ።

«የለም ዶኛ። ያን ቀይ ሸሚዝ ለብሰው እንዲመጡልን ነው።»

ማማሰያው እጃቸው ላይ ቆመ። «ጠጥተሃል?»

«ኧረ አልጠጣሁም። እርስዎ ፀሐይ ነዎት።»

«አንተ ሰውዬ! ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለኝ ወንድ የለም። ተው፣ በዚህ ዕድሜህ!»

ነገሩን ሳስረዳቸው ሸሚዙን ብቻ አዋሱኝ። ወንበር ላይ ሰቀልነው፤ አልሆነም። እሳቸው ሲተነፍሱ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይል ነበርና ብርሃኑም አብሮ ይተነፍስ ነበር። ተመልሼ ለመንኳቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጡ።

«ማስወጣቱ እንዳለ ነው፤ እንዳትሳሳቱ!» አሉ ቦታቸውን እየያዙ።

ቆሙ። ወሬያቸው ግን አልቆመም።

«ምነው ይቺ ኤሊ ዘገመች?»

«ኤሊ ናታ ዶኛ።»

«ብትሆንስ! እኔ ብሆን እስካሁን ባሕሩ ጋ ሦስቴ ደርሼ በተመለስኩ ነበር።»

ሐሙስ ዕለት የበቆሎ ሾርባቸውን፣ ፖሶሌውን፣ በድስት ይዘውልን መጡ፤ እንፋሎቱ የካሜራውን መስተዋት እንዳያደበዝዝ ደረጃው ላይ ተቀምጠን በላን። ዓርብ እኔ ባስነጥስ «ዝም በል! እያየች እኮ ነው!» ብለው ተቆጡኝ። ልጃቸው ከታች ሲጠራቸው አልመለሱለትም። ካሲልዳ እየሠራች ትስቅ ነበር፤ ያን ሳምንት ያየሁባትን ደስታ ቤት ሠርተው በገቡ ሰዎች ላይ እንኳ አላየሁም።

ቅዳሜ ፀሐይዋ መጥለቅ ነበረባት። ዶኛ በእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ፣ መራቅ አለባቸው ማለት ነው። በካልሲ ሆነው፣ ወለሉን እንዳያነቃንቁ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ አንድ እጃቸውን በእኔ ትከሻ ላይ ጥለው ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ሄዱ። ቀዩ ከኤሊዋ ጉንጭ ወረደ፣ ከአንገቷ ወረደ፣ ዓይኗ ላይ ጥቂት ቆየ። ዶኛ ትከሻዬን ለቀው ከበሩ ወጡ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ካሲልዳ የመጨረሻውን ፎቶ አነሣች።

«አለቀ» አለች። ሹክ እንደማለት ነበር።

ፊልሙ ካለቀ ዶኛ የሚታገሡበት ምክንያትም አለቀ፤ ገንዘቡ እስኪመጣ ገና ሳምንታት አሉ፤ እሑድ ደግሞ ነገ ነው። ካሲልዳም ይኸው ገብቷት ጥቁር ጋዋኗን እንደለበሰች ሽቦዎቿን መሰብሰብ ጀመረች።

በሩ ተንኳኳ። ዶኛ ሄርሜሊንዳ ይህን በር አንኳኩተው አያውቁም።

«መግባት ይቻላል?» አሉ ከውጭ።

«ይግቡ ዶኛ፣ አልቋል» አለች ካሲልዳ።

ገብተው ኤሊዋን ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ቀና ብለው ሸሚዛቸውን አስተካከሉ።

«ለግብዣ አዳራሹ ሰውዬ ሌላ ቤት እንዲፈልግ ነግሬዋለሁ» አሉ። «ገንዘቡ ሲመጣ ኪራዬን አንድም ሳንቲም ሳታጎድይ ትከፍያለሽ፤ አልማርኩሽም። አሁን ንገሪኝ፣ ለሚቀጥለው ፊልም ምን ቀለም ልልበስ?»