የግድግዳዋ ብስክሌት

በሰፈሩ ብስክሌት መንዳት ከሚችሉት ሰዎች ግማሹ ኮርቻ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ የሰሙት ቃል «ይዤሃለሁ» ወይም «ይዤሻለሁ» የሚል ነው። ተናጋሪዋ የብስክሌት ጠጋኙ ሚስት ናት። በአንድ እጇ ኮርቻውን ከኋላ ጨብጣ፣ በሌላው ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጫማዋን ጥላ ትሮጣለች። የተማሪው ልብ ሲረጋጋና እግሩ ፔዳሉን ሲለምድ ቀስ ብላ ትለቀውና በቆመችበት «ይዤሃለሁ! ወደፊት እይ!» እያለች ትጮኻለች። ውሸቷን ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትዋሽ ግን አንድም ሰው ተቀይሟት አያውቅም። እንዲያውም «እትዬ ይዤሃለሁ» የሚል ስም ወጥቶላታል፤ አንዳንዱ ሌላ ስም ያላትም አይመስለው።

እሷ ራሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ብስክሌት ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

ባሏን ሰፈርተኛው «ወጌሻው» ይለዋል። የሰው ስብራት አይነካም፤ የሚያሸው ብረት ነው። ባለቤቱ የጠላውን ብስክሌት እየዞረ ይሰበስባል። በረንዳ ላይ የልብስ ማስጫ ሆኖ የከረመውን፣ ዶሮ የሚያድርበትን፣ ልጆች ከአባታቸው ወርሰው የተጣሉበትንና በመጨረሻ ማንም ሳይፈልገው የቀረውን ሁሉ ያመጣል። ግቢው ውስጥ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ስር ይፈታውና በነጭ ጋዝ ያጥበዋል፣ ኩሽኔታውን ይቀይራል፣ ግራሶ ይቀባዋል። ከሦስት ሬሳ አንድ ነፍስ ያለው ያወጣል። ከዚያ ለዘበኛው፣ ለነርሷ፣ ለዳቦ አመላላሹ በአንድ ወር የአውቶቡስ ሂሳብ ይሰጣል። የሌለው ደግሞ «ስታገኝ» ይባላል። ሚስቱ በዚህ ትኮራበታለች። ፊት ለፊት ግን አትነግረውም፤ ካመሰገኑት ከምሳ ሰዓት በፊት ሥራ ያቆማል።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ተረት ለሴት ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ካለ፣ መጥቶ የወጌሻውን ግድግዳ ይይ። እዚያ፣ ሁለት ትልልቅ ሚስማሮች ላይ፣ አንዲት ቢጫ ብስክሌት ተሰቅላለች። የሚስቱ ናት። ያመጣት ቀን «ይቺ ያንቺ ናት፤ ተረጋግቼ ነው የምሠራት» አለ። እውነትም ተረጋጋ። ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ችግሩ መዘግየቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የዘበኛው ፔዳል ሲሰበር ከቢጫዋ ተፈታ። የነርሷ ሰንሰለት ሲበጠስ ከቢጫዋ ተወሰደ። ኮርቻዋ ላይ ዛሬ አንድ የሂሳብ አስተማሪ ተቀምጦበት ይሄዳል። ሚስቱ በጠየቀችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«የኛ እንቁላል» ትለዋለች እሷም፣ «ተፈልፍሎ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ጡረታ ወጥቷል።»

ይስቃሉ። ነገሩም በሳቅ ያልፋል። በሳቅ ማለፍ ያቃተው በዚህ ሳምንት ነው።

ማክሰኞ ዕለት ከድልድዩ ማዶ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት አድርጎ ቀጠራት። ልጆቿ አድገው በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ የሕፃን ጫጫታ እንደናፈቃት ነበር። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብባ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ አውጥታ አራተኛ አነበበችው። ሥራው ሰኞ፣ ልክ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። በእግር የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ ነው። አውቶቡሱ በእነሱ በኩል ሲያልፍ ሰው በበሩ ተንጠልጥሎ ነው፤ ሹፌሩም ላለመቆም ፊቱን ያዞራል። ዳይሬክተሯ ደግሞ ቁርጥ ያለች ሴት ናት። «እናቶች ልጃቸውን ለማን ሰጥተው ይሂዱ? ሁለት ቀን ያረፈደች ሦስተኛ ቀን አትምጣ» ብላታለች። ሴትዮዋ ይህን ቀልድ ነው ብላ አላለፈችውም። ከሁለት ዓመት በፊት የልብስ መተኮሻ ቤት ሥራዋን ያጣችው በማርፈድ ነው፤ ያኔም ቢጫዋ «ልታልቅ ሁለት ቀን የቀራት» ነበረች።

«ሰኞ በብስክሌቴ እሄዳለሁ» አለችው።

ወጌሻው ደብዳቤውን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ። አርብ ታልቃለች።»

አለቀች። ይህ መነገር አለበት፤ ሰውዬው ከልቡ ከሠራ እጁ ወርቅ ነው። ቢጫዋን ከሚስማሩ አውርዶ ሰንሰለትና ፔዳል ገጠመላት፣ ለኮርቻዋ ከአሮጌ ሶፋ ቆዳ ሰፋላት፣ ጎማዎቿን እያሽከረከረ አቃናቸው። አርብ አመሻሹ ላይ ግቢው መሃል በሁለት እግሯ ቆመች። ሴትዮዋ መሪውን ይዛ ደወሉን አንዴ አቃጨለችው። ፍሬኑን ሞከረችው፤ ወጌሻው እጅግ አጥብቆት ስለነበር ብስክሌቷን ቁልቁለት ላይ ቢለቋት እንኳ ቆማ ታስባለች። እሱን ነገ አላላዋለሁ ብላ ደስ ብሏት ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ ደርሳ ስትመለስ ቢጫዋ እንደገና ሚስማሯ ላይ ነች። የፊት ጎማዋ የለም።

«ዳቦ አመላላሹ መጥቶ ነበር» አለ ወጌሻው፣ ካቻቢቴውን አጥብቆ እየወለወለ። ዓይኑን ከካቻቢቴው አላነሳም። «ጎማው ጉድጓድ ገብቶ እንደ ባርኔጣ ታጥፏል። የስንት ቤት ዳቦ ነው የሚጠብቀው! ለጊዜው ነው፤ ማክሰኞ...»

«ማክሰኞ» አለች።

«ቢበዛ ረቡዕ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቀልድበት ነበር። አሁን ግን እንባዋ መጣ፤ እንባዋ መምጣቱም ይበልጥ አናደዳት። ባሏ ይህን አይቶ፣ እንደማንኛውም ጥፋተኛ ባል፣ ድንገት ከውጭ ጉዳይ እንዳለበት አስታወሰና ወጣ።

አሁን ስለ ሙሽሪት መናገር ያስፈልጋል። ሙሽሪት የወጌሻው የራሱ ብስክሌት ናት። ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በዘይት የምትታሽ። ዝናብ ሲመጣ ከሰው በፊት ቤት የምትገባው እሷ ነች። ልጆቹ እንኳ ደወሏን የነኩት ፈቃድ ጠይቀው ነው። ጉዳዩ አጭር ነበርና ወጌሻው በእግሩ ነበር የወጣው። ሚስቱ የመፍቻ ሣጥኑን ከፈተች። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ «አስራ አምስት ቁጥር አቀብዪኝ፣ ፒንሳውን አቀብዪኝ» ሲላት ያቀበለች ሴት የቱ ብሎን በየት በኩል እንደሚፈታ ሳታውቅ አትቀርም። ሙሽሪትን ገለበጠቻት፣ የፊት ጎማዋን ነቀለች፣ ቢጫዋን አውርዳ ገጠመችላት። ልክክ አለ። ፍሬኑንም በዚያው አላላችው።

ወጌሻው ሲመለስ ሙሽሪት በአፍንጫዋ መሬት ላይ ተደፍታለች። ከበሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ምን ሆነች?»

«ለጊዜው ነው» አለችው። «ማክሰኞ። ቢበዛ ረቡዕ።»

ይጮኻል ብላ ጠብቃ ነበር። አልጮኸም። የዕቃ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠና ግድግዳው ጥግ የተደረደሩትን ጠማማ ሹካዎች፣ ማለት የፊት ጎማ የሚይዙትን ብረቶች፣ አንድ በአንድ እያነሳ ያሳያት ጀመር።

«ይሄን አየሽው? ግድግዳ ነው። ይሄ ከመኪና ጎን። ይሄኛው ቦይ ውስጥ ነው የገባው፤ ልጅቷ ሁለት ጥርስ ነው የወለቀባት። እኔ ብረት ስፈታ የማየው ብረት አይደለም፤ የሰው ጉልበት ነው፣ የሰው ግንባር ነው። ለሌላው ሠርቼ እሰጣለሁ፣ በሩን ሲወጣ አላየውም። አንቺን ግን...» ሹካውን በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

እንግዲህ አራት ዓመት ሙሉ ፔዳል የነቀለው ይሄ ፍርሃት ነበር። ሴትዮዋ አጠገቡ ተቀመጠች። ንዴቷ ግማሽ በግማሽ ወረደ፤ ግማሹን ግን ለሰኞ አስቀመጠችው።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ወዳንተ የሚያመጡት የወደቀውን ነው። ያልወደቀው በበራችን አልፎ ይሄዳል፤ ምን ሊያደርግ ወጌሻ ቤት ይመጣል? እኔ ስንቱን ለቅቄ አየሁት። ሄደ። ሁሉም ሄደ።»

ወጌሻው ተነሳና የቢጫዋን ብሎኖች እየዞረ አንድ በአንድ ፈተሸ። ሁሉም ጠብቀው አገኛቸው፤ ይህም ትንሽ ቅር አሰኘው።

እሁድ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ሄዱ። በድብቅ ነበር ሐሳባቸው፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ዘበኛውም፣ ነርሷም፣ የሂሳብ አስተማሪውም ብስክሌታቸውን አስደግፈው ቆመዋል። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም። «እትዬ፣ ወደፊት እዪ!» «እትዬ፣ እግርሽን አትዪ፣ እግርሽ የትም አይሄድም!» የሚጮኹት ሁሉ የራሷን ቃል ነው። አስተማሪው ይባስ ብሎ እጁን እያወዛወዘ ስለ ሚዛን ያብራራ ነበር። እትዬ ይዤሃለሁ ይሄ ሁሉ ምክር እንዲህ እንደሚያስጠላ ገና ዛሬ ገባት።

ኮርቻውን የያዘው ወጌሻው ነው። ሌላ ሰው እንዲይዝ በፍጹም አልፈቀደም። ደግሞ ያያያዙን ነገር! በሁለት እጁ አንቆ፣ ወደ ግራ ስታዘነብል ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ግራ። «ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ጉዳቱም ይሄው ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ እሷ መሪዋን ልታቃና ስትል እሱ ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ሳባትና ሴትም ብስክሌትም ባልም ባንድ ላይ መሬት ተዘረገፉ።

ወጌሻው በጉልበቱ እየዳኸ ደረሰላት። ጉልበቷ ተልጦ ደም ፈሷል፤ መሃረቡን አውጥቶ ያዘላት። ቢጫዋ ከኋላው ወድቃ የፊት ጎማዋ፣ የሙሽሪት ጎማ፣ ብቻውን ይሽከረከራል። ዘወር ብሎ አላየውም። ሴትዮዋ ከባሏ ጋር በኖረችበት ዘመን የወደቀ ብስክሌት ሳያነሳ ሲቀር ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ልቧ ተነካ። ቢሆንም የምትለውን አለችው።

«የወደቅኩት ስለያዝከኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ሹካው ተጣሟል?»

አሁን ዞሮ አየ። ረጅም ጊዜ አየው። «አልተጣመመም» አለ፣ ከእሷ ይልቅ ለራሱ። ከዚያ ደጋግፎ አነሳት፣ ብስክሌቷንም አነሳ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅም ሜዳውን ዞሩት። እጁን ትንሽ አላላ። ሊለቅ ግን አንዴም አልለቀቀም።

ሰኞ ጠዋት በፋሻ የታሰረ ጉልበቷን በቀሚሷ ሸፍና ወጣች። ምሳዋ ከኋላ ታስሯል። ወጌሻው በር ላይ ጫማውን አጥብቆ አስሮ ይጠብቃታል።

«የት ልትሄድ ነው?»

«እስከ ድልድዩ እሸኝሻለሁ። ኮርቻውን ይዤ።»

አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ቀኝ እግሩም ቅዝቃዜ አይወድም። ልትከለክለው አሰበችና ተወችው። ወጣች፣ ፔዳሉን መታች፣ እሱም ከኋላዋ መሮጥ ጀመረ። መሪው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ረጋ። ዳቦ ቤቱ ጋ ደረሱ። ግድግዳ ጥግ የቆመ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወጌሻው በሩጫ ላይ ሆኖ «ምን ያስቅሃል!» አለው። ትንፋሹን ትሰማዋለች። ጫማው ሲረግጥም ትሰማዋለች፤ ቀጥሎ ከበፊቱ ራቅ ብሎ፣ ከዚያም በጣም ራቅ ብሎ። መንገዱ ወደ ድልድዩ ቁልቁል ሲል ኮርቻው ከበታቿ ቀለል አለ። ይህን ቅለት ታውቀዋለች፤ ስንት ሰው ላይ ከኋላ ሆና አይታዋለች።

ዞራ አላየችም። ዞሮ ማየት እንደማያስፈልግ ለስንቱ አስተምራለች።

«እንዳትለቀኝ!» ብላ ጮኸች።

ድልድዩ ላይ ወጥታለች። ወንዙ ከታች ነው፤ ከፊቷ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ቀይ ጣሪያ በሩቁ ይታያል፤ ሰዓቱ ገና አንድ ሰዓት ነው።

«ይዤሻለሁ!» አለ ባሏ፣ ከዳቦ ቤቱ በር ላይ።