ያልነገሩኝ ባሕር

ልጄ መርከበኛ ነው። ሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ ከየብስ ርቆ ወራት ይቆያል። እስቴ ገጠር የተወለደ ሰው ባሕር ላይ ምን ይሠራል የሚሉኝ አሉ። እንጀራው እዚያ ሆነ። ተመስገን እላለሁ።

መርከቡ መሐል ባሕር ላይ ሳለ አይደውልም። ወደብ ሲቃረቡም ወዲያው አይገቡም። ተራ እስኪደርሳቸው ራቅ ብለው መልህቅ ጥለው ይቆማሉ፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። ዝገት ይፍቃሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ሥራ ሲቀል ዓሣ ያጠምዳሉ። ከተማው ይታያቸዋል፤ መውረድ ግን አይችሉም። ኔትወርክ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። የሚደውለውም ለሚስቱ ነው።

እኔ የምኖረው ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ነው፤ ጉብታው ላይ ካልወጡ ስልክ አይሠራም። እሷ ከተማው ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ስልኳ ከማሽኑ አጠገብ ነው። ለእሷ መደወሉ ልክ ነው። ልክ መሆኑን እያወቅሁም ያንገበግበኝ ነበር። ገበያ ስወጣ ቤቷ ስገባ፣ "ደህና ነው እማማ፤ ሰላም በይልኝ ብሏል" ትለኛለች። ከዚያ ሁሉ ወሬ ተጨልፎ የሚደርሰኝ ይኸው ነበር።

ባለፈው ፍልሰታ አንድ ቀን ከተማ ወጥቼ አስቀደስሁ። ቄሱ ጸሎት የተጠየቀላቸውን ሰዎች ስም ሲያነሡ የልጄን የክርስትና ስም ሰማሁ። ስሙ የብዙ ሰው ነው፤ እሳቸው ግን "በባሕር ላይ ያለው" ብለው ጨመሩበት። ከአገራችን ባሕር ላይ ያለ ሌላ ሰው አላውቅም። ያን ስም በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ የተቀበልነው እኔና አባቱ ነን። አባቱ ዐርፏል። የማውቀው እኔ ብቻ የቀረሁ መስሎኝ ነበር።

መደንገጥ ሲገባኝ ቀናሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ መጀመሪያ ያሰብሁት ልጄ ምን ሆኖ ይሆን ብዬ አይደለም። ስሙን ለሚስቱ እንዴት ነገራት ብዬ ነው።

ቄሱ የንስሐ አባቴ ናቸው። ሲወጡ ጠብቄ፣ "ስሙን ማን ሰጠዎት አባ?" አልኋቸው።

"ሚስቱ ናት። በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ መጥታለች።"

"ያን ስም የማውቀው እኔ ነኝ።"

"ስም ነጠላ ነው እንዴ፣ ሁለት ሰው ቢይዘው የሚቀደድ? ይልቅ ሂጂና ምን እንዳስጨነቃት ጠይቂያት።"

ሄድሁ። ስታየኝ እግሯን ከማሽኑ አነሣች።

"ስሙ ለምን ተነሣ?"

"ማን ነገረዎት?"

"ጆሮዬ።"

የምትሰፋውን ወደ ጎን አድርጋ ነገረችኝ። መርከቡ አንድ ጠባብ ባሕር አፍ ላይ ቆሟል። እዚያ ሲያልፉ በተኩስ የተመቱ መርከቦች አሉ። ፈቃድ እየጠበቁ ነው፤ ሲያልፉ መብራትም ስልክም ያጠፋሉ። ይህን ካወቀች አሥር ቀኗ ነው።

"አስምሎኝ ነው እማማ። ጾም ላይ ናት፣ ከሰማች ጨርሳ እህል ትተዋለች አለኝ።"

"አንቺስ ትበያለሽ?"

"የት ይወርድልኛል?"

አንገቷ ቀጥኗል። በዚያም ቀናሁ። አሥር ቀን ስለ ልጄ እንቅልፍ ያጣችው እሷ ናት፤ እኔ ተኝቻለሁ። ደስታውን ለሚስቱ ቢሰጥ ይሁን። ጭንቀቱ ግን የእኔ ነበር።

እንደ ተቀመጥን ስልኩ ጮኸ። እሱ ነው። አየችኝና "እማማ እዚህ ናቸው" ብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

"እማ? ከተማ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ላስቀድስ መጥቼ። አንተስ?"

"ቀለም እየቀባን ነው። ጠዋት አንድ ዓሣ ወጣ፤ ብታዪው ዘንዶ ነው ብለሽ ትሮጪ ነበር።"

"በጾም?"

"ያጠመደው ጓደኛዬ ነው። እኔ ያየሁት ብቻ ነው።"

ሲዋሽ ወሬው እንደሚበዛ አውቃለሁ። ዋሸኸኝ ብዬ ብናገረው ሚስቱ መሐላዋን ማፍረሷን ያውቃል። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥሁት። "እመቤቴ ትጠብቅህ" ብዬ ስልኩን መለስሁላትና ደጅ ወጥቼ ቆምሁ፤ ለእኔ የማይነግረውን ለእሷ እንዲነግራት። ከባድ ነበር።

ሲጨርሱ መጣች። "ዛሬ ያልፋሉ" አለች።

"ሲያልፍ ንገሪኝ። ክፉም ከሆነ ንገሪኝ።"

"እነግርዎታለሁ።"

ሁለት ቀን ምንም አልተሰማም። በሦስተኛው ጠዋት፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ በራችን ላይ ቆመች። "አልፏል" አለች። መሬት ላይ ተደፍቼ አምላኬን አመሰገንሁ። ከዚያ ውኃ አሙቄ እግሯን ላጥባት ተንበረከክሁ።

"ኧረ ነውር ነው፣ ይተዉ እማማ።"

"ዝም በይ። ምን አለሽ?"

"ለእማ ምንም እንዳትነግሪ አለኝ።"

"አንቺስ?"

"እሺ አልሁት።"

መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። አሁንም ይቆረቁረኛል። ሌላውን እግሯን ወደ ውኃው ሳብሁት።