መዳፍ የምታክል ቀሚስ

በደርግ ጊዜ ነው፣ አሰብ... እሑድ ቀትር ላይ። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ዑስማን ምሳ ጋብዞኝ ቤቱ ቁጭ ብያለሁ። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ ላቤ እየተንጠባጠበ ዓሣዬን እበላለሁ።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ካርታ ጥሩ ይሥላል ብለው ሥዕልንም ደርበው ሰጡኝና ራሴን የሥዕል አዋቂ አድርጌ አረፍኩት። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

እጄን ታጥቤ ስመለስ መደርደሪያው ላይ አንዲት ሥዕል አየሁ... በውሃ ቀለም የተሣለች፣ መዳፍ የምታክል የሕፃን ቀሚስ። እጅጌዋ ጠርዙ ሰማያዊ ነው። መርፌው የገባበትና የወጣበት ሁሉ ይታያል። የአንገቷ ዳንቴል ቀዳዳው ሳይቀር ይቆጠራል። ሦስት አዝራር አላት፣ ሦስቱም የየራሳቸውን ጥላ ጥለዋል። እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እንደዚያው ከፍቼው ብቀር ምን ነበረበት። ሥዕሏን አንስቼ ንግግር ጀመርኩ። ባዶው እጅጌ የጭቁኑ ሕዝብ ልጅ ነው፣ ነጩ የነገው ተስፋ ነው... የውይይት ክበብ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ዑስማን ደጋግሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ባለቤቱ ፋጡማ አንገቷን ደፍታለች። ሠዓሊዋ እሷ መሆኗ የገባኝ ያኔ ነው።

«ይኼን የመሰለ ነገር ለምን በሥዕል ይቀራል? አይሰፉትም?» አልኳት።

«ኡስታዝ፣ ልጅ ሳይወለድ ልብስ አይሰፋም» አለች ቀስ ብላ። «ሁለቴ አስቀድሜ ሰፍቼ ልጆቹ አልተረፉልኝም። በሥዕል ከሆነ ግን ምን አለበት ብዬ ነው... እባክዎ፣ ዓይን እንዳይገባባት ማሻአላህ ይበሉልኝ።»

ክው አልኩ። ለካ ያን ሁሉ ሳደንቅ አንዴም ማሻአላህ አላልኩም። ልበል ብዬ ጎንበስ ስል የላቤ ጠብታ ከአገጬ ወርዶ ግራ እጅጌው ላይ ጠብ አለ። ሰማያዊው ቀለም ሸሽቶ እድፍ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት አባትየው ሳይሆን እኔ ነኝ። ዑስማን ሥራ ካረፈደ በር በሩን አያለሁ። ማዕተቤን እንዳሰርኩ ጠዋት ማታ ማሻአላህ እላለሁ። ቤታቸው ግን በየትኛው እግሬ ልሂድ።

ሴት ልጅ ተወለደች፣ ደህና። ለአርባ ቀኗ ተጠርቼ እያፈርኩ ሄድኩ። ያቺኑ ቀሚስ ለብሳለች... ዳንቴሉ፣ ሦስቱ አዝራር፣ ሁሉም አለ። ግራ እጅጌው ላይ ደግሞ፣ ልክ ላቤ የወደቀበት ቦታ፣ ትንሽ ሰማያዊ አበባ ተጠልፏል።

«ሥዕሉ ላይ ያለውን ሁሉ ነው የሰፋሁት» አለች ፋጡማ እየሳቀች።

አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ይኸው እስከ ዛሬ ሥዕል ፊት ስቆም ግንባሬን እጠርጋለሁ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምራለሁ፣ መጀመሪያ ማሻአላህ እላለሁ... ትንታኔው ይቆየን።